85፣ 135 ወይስ 200? ለሚረርለስ ካሜራ ፈጣን ቴሌፎቶ ፕራይም ሌንስ አመራረጥ

ቴሌፎቶ ፕራይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከኤፍ ቁጥሩ ነው፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ኤፍ 1.2 ነው የሚሻለው ወይስ ኤፍ 1.4? ኤፍ 1.8 አያንስም? እኔ ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ እንድትመልሱ እፈልጋለሁ። ሰው ስታነሱ ስንት ሜትር ርቃችሁ ነው የምትቆሙት? ወይም በትክክል ለመናገር፣ ስንት ሜትር መራቅ ትችላላችሁ? የዚህ መልስ ከታወቀ ምርጫው ከግማሽ በላይ አልቋል። የቀረው የክብደት፣ የኦቶፎከስና የኪስ ጉዳይ ነው።

ለመግባባት ያህል፣ ቴሌፎቶ ማለት ሩቁን የሚያቀርብ፣ ፕራይም ማለት ደግሞ ዙም የማያደርግ ሌንስ ነው። 85፣ 135፣ 200 የምንለው ፎካል ሌንግዙን በሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሌንሱ የበለጠ ያቀርባል። ፈጣን የሚባለው ደግሞ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) በሰፊው ስለሚከፈት፣ ብርሃን በቀነሰበት ቦታም ፈጣን ሹተር (አጭር የማንሻ ጊዜ) እንድንጠቀም የሚያስችለን ነው። ከ85 እስከ 135 ሚሊሜትር ባለው ክልል ኤፍ 2 እና ከዚያ በታች ያለው ፈጣን ይባላል። ከ200 በላይ ሲሆን ኤፍ 2.8ም ፈጣን ነው። ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር የማወራው ስለ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ የድሮውን 35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል ስለሆነ ካሜራ ነው።

መጀመሪያ ርቀቱ

ካሜራውን በቁመቱ ይዛችሁ የአንድን ሰው ሙሉ ቁመና፣ ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች ትንሽ ቦታ ትታችሁ ማንሳት ፈለጋችሁ እንበል። በ85 ወደ 5 ሜትር ገደማ መራቅ አለባችሁ። በ135 ወደ 7.5 ሜትር። በ200 ከ11 ሜትር በላይ። ከደረት በላይ ብቻ ከሆነ በ85 አንድ ሜትር ተኩል፣ በ135 ወደ 2.4 ሜትር፣ በ200 ደግሞ ሦስት ሜትር ተኩል ይበቃል።

እነዚህን ቁጥሮች በሜትር መለኪያ ይዛችሁ የምትሠሩበት ቦታ ላይ አስቀምጧቸው። ተራ ክፍል ውስጥ 85 ሙሉ ቁመና ለማውጣት ጀርባችሁን ግድግዳ ያስደግፋችኋል። 135 እዚያ ክፍል ውስጥ የሰው ፊት ብቻ የሚያነሳ ሌንስ ይሆናል። ውጭ ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሜዳ ላይ 7 ሜትር ምንም ማለት አይደለም፤ 135ም ከጀርባ ያለውን ነገር መርጣችሁ፣ የማትፈልጉትን ከፍሬም ውጭ አድርጋችሁ ለመሥራት በጣም ይመቻል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡት ሌላው ነገር ንግግሩ ነው። ከ1.5 ሜትር ላይ ሆናችሁ የምታነሱትን ሰው እያዋራችሁ፣ እያሳቃችሁ ልትሠሩ ትችላላችሁ። ከ7.5 ሜትር ላይ ግን ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ይኖርባችኋል። ካሜራ ለሚፈራ ሰው ርቀቱ እፎይታ ነው። አይዞህ መባል ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ብቻውን የተተወ ያህል ይሰማዋል። የምታነሷቸውን ሰዎች የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የፊት ቅርጽም የሚወሰነው በዚሁ ርቀት ነው። 135 ፊትን ጠፍጠፍ ያደርጋል ሲባል ትሰማላችሁ። ሥራው ግን የሌንሱ ሳይሆን የቆማችሁበት ቦታ ነው። በራቃችሁ ቁጥር አፍንጫና ጆሮ ከካሜራው ያላቸው ርቀት ይቀራረባል፤ ስለዚህ አፍንጫው ጎልቶ አይወጣም። በ1.5 እና በ2.4 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ይታያል፣ ግን ለስላሳ ነው። ለዚህ ብላችሁ ብቻ 135 አትግዙ።

ሁለት ሌንስ የምናወዳድርበት አንድ ቁጥር

አሁን ወደ ብዥታው እንምጣ። ብዙ ሰው ፈጣን ሌንስ የሚገዛው ከጀርባ ያለው ነገር ሙልጭ ብሎ እንዲጠፋለት ነው። እዚህ ላይ የኤፍ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። የሚሻለው ፎካል ሌንግዙን በኤፍ ቁጥሩ ማካፈል ነው። ውጤቱ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በሚሊሜትር ስንት ስፋት እንዳለው ይነግረናል።

እናስላው። 85 ኤፍ 1.8 ወደ 47 ሚሊሜትር ይሰጣል። 85 ኤፍ 1.4 ወደ 61። 85 ኤፍ 1.2 ወደ 71። 135 ኤፍ 1.8 ደግሞ 75 ሚሊሜትር። 105 ኤፍ 1.4ም እንደዚሁ 75 ነው።

ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጣም ሩቅ ያለች አንዲት የመብራት ነጥብ ፎቶው ላይ ክብ ሆና ትወጣለች። የክቧ ስፋት ከምታነሱት ሰው አጠገብ ቢለካ ልክ ያን ቀዳዳ ያህል ነው። የሰው ፊት ወርድ 15 ሳንቲሜትር ገደማ ነው ብለን እንያዝ። በ85 ኤፍ 1.8 ከኋላ ያሉት መብራቶች እያንዳንዳቸው የፊቱን ሲሶ ያህላሉ። በ135 ኤፍ 1.8 ግማሹን ያህላሉ። የምሽት ፎቶ አንስታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሰውየውን በፍሬሙ ውስጥ ያው መጠን አድርጋችሁ እስካነሳችሁ ድረስ ሴንሰሩ ትልቅም ይሁን ትንሽ ይህ ስሌት ይሠራል። ለዚህ ነው የምወደው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስሌቱ ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆነው ባክግራውንዱ በጣም ሩቅ ሲሆን ነው። ከጀርባ ያለው ነገር ሰውየው ከካሜራው ባለው ርቀት ያህል ብቻ ወደ ኋላ ከራቀ፣ ክቡ በግማሽ ይቀንሳል። እንደገና ከደረት በላይ እያነሳን ነው እንበል፤ ግድግዳው ከሰውየው አንድ ሜትር ብቻ ከኋላው ነው። በ85 ኤፍ 1.4 ክቡ ወደ 24 ሚሊሜትር ይወርዳል። በ135 ኤፍ 1.8 ወደ 22። ትልቁ ሌንስ ተሸነፈ ማለት ነው! ግድግዳው 10 ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ ደግሞ 85ቱ 53 ላይ፣ 135ቱ 60 ላይ ይደርሳሉ።

ከዚህ የማገኘው ፍርድ ይህ ነው። ጠባብ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ፣ ግድግዳ ሁልጊዜ ቅርብ ከሆነ፣ ብዥታን የሚያመጣላችሁ የኤፍ ቁጥሩ ነው፤ 85 ኤፍ 1.4 ይሻላችኋል። ሰፊ ቦታ፣ ዛፍ፣ መንገድ፣ የሩቅ መብራት ካላችሁ 135 ይበልጣል።

1.8፣ 1.4 ወይስ 1.2?

ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 1.4 የሚገኘው የብርሃን ትርፍ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው)። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 3200 የነበረው ወደ 2000 ይወርዳል። ጥሩ ነው፣ ግን ሕይወት አይቀይርም። በዛሬዎቹ ሴንሰሮች ላይ ይህን ልዩነት በዓይን መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ለብርሃን ብቻ ብላችሁ ከ1.8 ወደ 1.4 አትሂዱ። የምትከፍሉት ለብዥታው ዓይነትና ለአሠራሩ ጥራት ነው።

ጥርት ብሎ የሚወጣውን ክልል ደግሞ በቅርበት እንየው። በ85 ሚሊሜትር፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ውፍረት 3.4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በኤፍ 1.4 ወደ 2.6 ይወርዳል። በኤፍ 1.2 ወደ 2.2። የሰው ሁለት ዓይኖች መሃል ለመሃል ሲለኩ 6 ሳንቲሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሰውየው ፊቱን ወደ ጎን 45 ዲግሪ ካዞረ አንዱ ዓይን ከሌላው ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። እንግዲህ በሦስቱም ቁጥሮች የሩቁ ዓይን ብዥ ይላል ማለት ነው። በኤፍ 1.2 ደግሞ የቅርቡ ዓይን ሽፋሽፍት ጠርቶ ቅንድቡ መልሶ መለስለስ ይጀምራል። ይህን ወዳችሁት ከሆነ መልካም። ደንበኛችሁ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ ጥርት እንዲሉለት የሚፈልግ ከሆነ ሌንሱን ወደ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 መዝጋታችሁ አይቀርም። እዚያ ላይ ደግሞ ሁሉም 85 ሌንሶች ሊለዩ እስከማይችሉ ድረስ ይመሳሰላሉ።

ድሮ በዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ ዘመን፣ ኤፍ 1.4 ላይ ዓይን ላይ ፎከስ ማድረግ ዕድል ይጠይቅ ነበር። ሚረርለስ ይህን ችግር ከሞላ ጎደል ፈቶታል። ካሜራው ራሱ ዓይንን ፈልጎ ይይዛል፤ ፎከሱም የሚለካው በዚያው ምስሉ በሚያርፍበት ሴንሰር ላይ ስለሆነ የድሮው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የመሳት ችግር በጣም ቀንሷል። ፈጣን ቴሌፎቶ ዛሬ ከመቼውም በላይ ጠቃሚ የሆነው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰፊውን አፐርቸር ከፍቶ በልበ ሙሉነት መጠቀም ተችሏል።

ኤፍ 1.2ን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። የካኖን አርኤፍ 85 ኤፍ 1.2 ኤል 1195 ግራም፣ የኒኮን ዜድ 85 ኤፍ 1.2 ኤስ 1160 ግራም ይመዝናሉ። ሁለቱም ድንቅ ሌንሶች ናቸው። ግን በፖርትሬት የሚተዳደር ሰው ካልሆናችሁ ክብደቱ ሌንሱን ቤት ያስቀረዋል። ያንን ክብደት ለመሸከም ከቆረጣችሁ ደግሞ የሁለቱም ኩባንያዎች 135 ኤፍ 1.8 ከዚያ ያነሰ ይመዝናል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል።

በየካሜራው ያለው ምርጫ

ሶኒ ላይ ያላችሁ ሰዎች ምርጫው ይበዛባችኋል። 85 ኤፍ 1.8 የወጣው በ2017 ነው፤ 371 ግራም ብቻ ይመዝናል። ፎከሱ ፈጣን ነው። ለመጀመሪያ ቴሌፎቶ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ከፍ ማለት ለሚፈልግ የሲግማ 85 ኤፍ 1.4 ዲጂ ዲኤን አርት አለ፤ 630 ግራም ገደማ ነው። ሲግማ ሌንሱን ቀለል ለማድረግ የምስል ጠርዝ መታጠፍን ለሶፍትዌር ትቶታል። ካሜራው ራሱ ስለሚያስተካክለው ብዙም አትቸገሩበት። የሶኒ 85 ጂ ማስተር (የሶኒ ከፍተኛው የሌንስ ደረጃ) ሁለተኛው ትውልድ በ2024 ሲወጣ ክብደቱ ከቀድሞው 820 ግራም ወደ 642 ግራም ወርዷል። ልዩነቱ እጅ ላይ ይሰማል።

በሶኒ ካሜራ ላይ ከሲግማና ከታምሮን ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ገደብ አለ። ሶኒ ያልሠራቸው ሌንሶች በተከታታይ ሲያነሱ በሰከንድ ከ15 ፍሬም አያልፉም። ፖርትሬት ለሚያነሳ ይህ ምንም አይደለም። ስፖርት የምታነሱና በሰከንድ 20 ወይም 30 የሚያነሳ ካሜራ የገዛችሁ ከሆነ ግን አስቡበት።

135 ላይ የሶኒ ጂ ማስተር 950 ግራም ነው፤ በ2019 ወጥቶ እስካሁን ከምርጦቹ አንዱ ነው። እስከ 70 ሳንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ስለሚያነሳ ቀለበትና የእጅ ዝርዝርም ይሞክራል። ሳምያንግ 135 ኤፍ 1.8 772 ግራም ነው፤ ክብደት ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ቪልትሮክስ ያወጣው 135 ደግሞ ከበድ ይላል፣ 1.2 ኪሎ ገደማ። ሲግማ በ2025 135 ኤፍ 1.4 አውጥቷል። ቀዳዳው 96 ሚሊሜትር ነው። ክብደቱ ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ። ልዩ መሣሪያ ነው፤ ለማን እንደተሠራ የሚያውቀው ራሱ ፈላጊው ነው።

ካኖን ላይ ነገሩ ጠበብ ይላል፤ ለፉል ፍሬም አርኤፍ ማውንት (የካኖን ሚረርለስ ሌንስ መግጠሚያ) ከሲግማና ከታምሮን ኦቶፎከስ ያለው ቴሌፎቶ ፕራይም እንደ ሶኒ አይገኝም። ብዙ ሰው የሚያየው አርኤፍ 85 ኤፍ 2 ማክሮ አይኤስን ነው። 500 ግራም ነው፣ በሌንሱ ውስጥ ማረጋጊያ አለው፣ ትናንሽ ነገሮችን በግማሽ መጠን ያነሳል። ለዋጋው ብዙ ነገር ይሠራል። ድክመቱ ፎከሱ ነው። ማክሮ ስለሆነ የሚጓዝበት ርቀት ረጅም ነው፤ ሲስት ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ይመለሳል። ጎኑ ላይ ክልሉን የሚገድብ ማብሪያ አለ። ሰው ስታነሱ ከቅርቡ ክልል አውጡት፤ ብዙ ይቀላል። የሚሮጥ ሕፃን ለማንሳት ግን አልመክረውም። አርኤፍ 135 ኤፍ 1.8 ኤል አይኤስ 935 ግራም ነው። ማረጋጊያው በሌንሱ ውስጥ ያለ መሆኑ ከሶኒና ከኒኮን 135 ይለየዋል።

ኒኮን ላይ ዜድ 85 ኤፍ 1.8 ኤስ 470 ግራም ነው። ስሙ ርካሽ ቢመስልም ጥራቱ የርካሽ አይደለም። ብዙ ኒኮን ተጠቃሚዎች ከዚህ አልፈው መሄድ አያስፈልጋቸውም ብዬ አስባለሁ። በ2023 የወጣው 135 ኤፍ 1.8 ፕሌና 995 ግራም ይመዝናል። የተነደፈበት ዋና ዓላማ ከጀርባ ያሉት የብርሃን ክቦች እስከ ፍሬሙ ጥግ ድረስ ክብ ሆነው እንዲቆዩ ነው። በብዙ ሌንሶች ላይ ወደ ጥጉ ሲጠጉ ክቦቹ እንደ ድመት ዓይን ይሾላሉ። ቅጠል በበዛበት ባክግራውንድ ላይ ይህ ልዩነት በደንብ ይታያል፤ ምስሉ የመሽከርከር ስሜት ከሌለው ረጋ ብሎ ይታያል።

ኤል ማውንት (ፓናሶኒክ፣ ሲግማና ላይካ በጋራ የሚጠቀሙበት መግጠሚያ) ላይ የፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤስ 85 ኤፍ 1.8 355 ግራም ነው። የሲግማው 85 ኤፍ 1.4ም እዚያ አለ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

ትንሽ ሴንሰር ላይ ያላችሁ ደግሞ ማካፈሉን አትርሱ። የፉጂፊልም 56 ኤፍ 1.2 47 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው። ይህም ማለት በእይታም በብዥታም የፉል ፍሬም 85 ኤፍ 1.8 ወንድም ነው። የፉጂ 90 ኤፍ 2 540 ግራም ሲሆን እይታው እንደ 135 ነው፤ ቀዳዳው ግን 45 ሚሊሜትር ስለሆነ ብዥታው እንደ ኤፍ 3 ይሆናል። ፉጂ ላይ ከጀርባ ያለውን ማጥፋት ለሚወድ የቪልትሮክስ 75 ኤፍ 1.2 ወደ 62 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም 670 ግራም ነው። ከፉጂም ያነሰ ሴንሰር ባለው ማይክሮ ፎር ሰርድስ የኦሊምፐስ 75 ኤፍ 1.8 305 ግራም ብቻ ሆኖ የ150 ሚሊሜትር እይታ ይሰጣል። ቀዳዳው 42 ነው። ጃኬት ኪስ ውስጥ ከሚገባ ሌንስ ይህን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ብርሃን ስንለካ ግን ኤፍ 1.8 በየትኛውም ሴንሰር ያው ኤፍ 1.8 ነው፤ ሹተሩም አይኤስኦውም አይቀየርም።

135ን ከ70-200 ዙም ጋር ስናስተያየው

ብዙ ሰው የሚወዛገበው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። 70-200 ኤፍ 2.8 ያለው ሰው 135 ኤፍ 1.8 ምን ይጨምርለታል?

በብርሃን አንድ ስቶፕ ከሲሶ። መድረክ ላይ በ1/800 ሹተር ዙሙ አይኤስኦ 6400 የሚፈልግ ከሆነ ፕራይሙ 2500 ገደማ ይበቃዋል። ይህ እንደ 1.8 እና 1.4 ልዩነት ትንሽ አይደለም። የቆዳ ቀለምና የጥቁር ልብስ ዝርዝር ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር የሚገርም ነው። 135ን በ1.5 ቆርጣችሁ የ200 እይታ ብታወጡበት፣ ቀዳዳው ያው 75 ሚሊሜትር ነው። የዙሙ ቀዳዳ በ200 ኤፍ 2.8 ላይ ወደ 71 ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ፎቶ በብዥታም በኖይዝም (በምስሉ ላይ በሚታየው ነጠብጣብ) ከዙሙ ጋር እኩል ይቆማል። የሚጠፋው ፒክስል ብቻ ነው። 45 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ ከቆረጣችሁ በኋላ 20 ሜጋፒክስል ይተርፋችኋል፤ ለብዙ ሥራ ይበቃል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ ግን ወደ 10.7 ትወርዳላችሁ። ለስልክ መታያ ጥሩ ነው፣ ለትልቅ ህትመት ግን ያንሳል።

በሌላ በኩል ፕራይሙ ወደ 70 መመለስ አይችልም። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ በድንገት ወደ እናንተ መጥተው ቢያቅፏችሁ 135 ይዞ የቆመ ሰው ምንም ማድረግ አይችልም። ክብደቱም እንደሚታሰበው አይራራቅም፤ የሶኒ 70-200 ሁለተኛው ትውልድ ያለ ትራይፖድ ማያያዣው 1045 ግራም ነው፣ የ135 ጂ ማስተር ደግሞ 950። ስለዚህ ቀለል እንዲለኝ ብላችሁ ዙሙን በ135 አትቀይሩ። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ቦታ መቀየር በማትችሉበት ዝግጅት ለምትሠሩ ዙሙ ይቅደም። ሁለት ካሜራ የምትይዙ ከሆነ፣ ወይም ዋናው ሥራችሁ ቀጠሮ ከያዘ ሰው ጋር በእርጋታ የሚሠራ ፖርትሬት ከሆነ 135።

200ና ከዚያ በላይ

ይህ የስፖርትና የዱር እንስሳት ዓለም ነው፤ ብዙ አልቆይበትም። ሲግማ በ2025 ያወጣው 200 ኤፍ 2 ወደ 1.8 ኪሎ ነው፤ ቀዳዳው 100 ሚሊሜትር። የሶኒ 300 ኤፍ 2.8 ጂ ማስተር 1470 ግራም ብቻ መሆኑ በዚህ ዘርፍ ትልቅ ለውጥ ነው። 1.4 ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ ሌንሱን የሚያስረዝም መሣሪያ) ሲገባለት 420 ኤፍ 4፣ 2 ሲገባለት 600 ኤፍ 5.6 ይሆናል። የሶኒ 400 ኤፍ 2.8 ወደ 2.9 ኪሎ ነው። የኒኮን ዜድ 400 ኤፍ 2.8 ትንሽ ከፍ ብሎ 2950 ግራም ቢመዝንም 1.4 ቴሌኮንቨርተሩ በውስጡ ስላለ በጣት ንክኪ 560 ኤፍ 4 ይሆናል። እነዚህን ከመግዛት በፊት ተከራይቶ አንድ ሙሉ ጨዋታ ማንሳት ግድ ነው ባይ ነኝ። የሶኒና የኒኮን 135 ግን ቴሌኮንቨርተር አይቀበሉም፤ በኋላ አስረዝመዋለሁ ብላችሁ እንዳትገዙ።

የድሮ ዲኤስኤልአር ሌንስስ?

ካኖን ለያዛችሁ ይህ መንገድ በጣም ያዋጣል። ኢኤፍ 135 ኤፍ 2 ኤል በ1996 የወጣ ነው፤ 750 ግራም። በካኖን አዳፕተር አርኤፍ ካሜራ ላይ ሲገባ ኦቶፎከሱ በደንብ ይሠራል፤ ዓይንም ይከተላል። አዳፕተሩ ውስጥ መስታወት ስለሌለ የምስል ጥራት አይቀንስም። ኢኤፍ 85 ኤፍ 1.8ም ርካሽና ቀላል ነው፣ ምንም እንኳ ሙሉ ከፍታችሁ ስታነሱ በብሩህ ጠርዞች ላይ ሐምራዊ ቀለም ቢያሳይም።

ኒኮን ላይ ተጠንቀቁ። የኤፍቲዜድ አዳፕተር የፎከስ ሞተር የለውም። ስለዚህ ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈባቸው፣ ለምሳሌ 105 ኤፍ 1.4፣ ኦቶፎከስ ያደርጋሉ። በካሜራው ሞተር ይሽከረከሩ የነበሩት የዲ ዓይነት ሌንሶች፣ ለምሳሌ 85 ኤፍ 1.8 ዲ፣ በእጅ ብቻ ይሠራሉ። ሻጩ ይሠራል ካላችሁ ምኑ ነው የሚሠራው ብላችሁ ጠይቁ።

ከገዛችሁ በኋላ የሚያናድዱ ነገሮች

ጠራራ ፀሐይ ላይ በአይኤስኦ 100 ኤፍ 1.4 ብትከፍቱ ሹተሩ ወደ 1/12800 ይጠጋል። ብዙ ካሜራዎች በሜካኒካል ሹተር 1/8000 ወይም 1/4000 ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ወይም ኤሌክትሮኒክ ሹተር ያስፈልጋችኋል። የፊልተሩን ስፋት ከመግዛታችሁ በፊት እዩ፤ የሶኒ 85 ኤፍ 1.8 67 ሚሊሜትር ይወስዳል፣ የካኖን 85 ኤፍ 1.2 ደግሞ 82።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሚረርለስ ካሜራዎች ኤሌክትሮኒክ የመጀመሪያ መጋረጃ የሚባል ቅንብር አላቸው። ይህ ሲበራ፣ በሰፊ አፐርቸርና በጣም ፈጣን ሹተር ላይ ከጀርባ ያሉት ክቦች አንድ ጎናቸው የተቆረጠ መስለው ይወጣሉ። ሌንሱ ተበላሽቷል ብላችሁ ሱቅ ከመመለሳችሁ በፊት ያንን ቅንብር አጥፍታችሁ ሞክሩ።

የካሜራው ውስጥ ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ነው የሚያቆመው። የሚንቀሳቀስን ሰው አያቆምም። 135 ይዛችሁ የምትናገር ሴት ብታነሱ 1/200፣ የሚጨፍር ሰው ብታነሱ 1/500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል፤ ማረጋጊያው ምንም ያህል ቢራቀቅ። ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ ፎከስ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሲሄድ ፍሬሙ የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑን ሱቅ ውስጥ ሞክራችሁ እዩ። አንዳንድ ሌንስ ላይ በጣም ይረብሻል።

ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት

ያገለገለ ከሆነ የኋላና የፊት ክዳኑን አውጡና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ አብሩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ትንሽ አቧራ ግን አያስጨንቃችሁ፣ ፎቶ ላይ አይታይም። የሌንሱ ጀርባ ያሉትን ቡሎኖች እዩ፤ ጥርሳቸው ከተላላጠ ሌንሱ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው።

ከዚያ ካሜራችሁ ላይ ግጠሙትና ጽሑፍ የበዛበት ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ፊት ለፊት ቁሙ። አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱ። መጀመሪያ በመሃል፣ ከዚያ በግራ ጫፍ፣ ከዚያ በቀኝ ጫፍ እያንዳንዱ ላይ ፎከስ እያደረጋችሁ አንሱ። ጫፎቹ ከመሃሉ ትንሽ ቢለሰልሱ የተለመደ ነው። ግራው ጠርቶ ቀኙ ግን ካልጠራ የውስጥ መስታወቱ ዘንበል ብሏል፤ አዲስም ቢሆን ሌላ ፍሬ ጠይቁ። በመጨረሻ ወደ እናንተ የሚራመድ ሰው ፈልጉና በተከታታይ አንሱት። ከፍሬሞቹ ውስጥ ዓይኑ ስንቱ ላይ እንደጠራ አጉልታችሁ ቁጠሩ፣ በተለይ ሰውየው በጣም ሲቀርብ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ፍሬሞች።